«ተኝተን ነበር» ብዬ ስላስተማርሁት ትምህርት

የምኖረው በአዲስ አበባ፥ ላንቻ በሚባለው ሰፈር ነው። ይህን ስም የሰፈሩ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ ይጠራዋል፤ የታክሲ ረዳት ይጮኽበታል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡርም አንዱን ማቆሚያውን በዚሁ ስም ይጠራል። ትርጉሙን የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው። ስሙ የመጣው በ1906 በጣሊያን አገር በቶሪኖ ከተማ ከተቋቋመው፥ ላንቺያ ከሚባለው የመኪና ፋብሪካ ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ ጦር ማለት ሲሆን፥ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ፈረሰኛ በብብቱ አጥብቆ ይዞ የሚጋጠምበትን ረዥም ጦር ያመለክታል። ጋራዥና የመኪና ዕቃ መሸጫ በሞላበት በዚህ ሰፈር ስመላለስ፥ የአንድ ፈረሰኛ ጦር ስም በሁላችን ራስ ላይ ተሰቅሎ እንደሚኖር አስባለሁ። ይህን ለጎረቤቶቼ ብነግራቸው፥ «እርስዎ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ወደ መጽሐፍዎ ይወስዱታል» እያሉ ይሥቁብኛል። እውነታቸውን ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ዘመን አቆጣጠሩ አንድ ነገር ላስታውቅህ። ዓ.ም. ብዬ የጻፍሁት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓ.ም. ሳልል የጻፍሁት ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሁለቱን አደባልቆ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት የሚሠራ ተማሪ በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ፤ አስተማሪም አይቻለሁ።

በቤቴ ውስጥ ሁለት ግድግዳ የያዙ መጻሕፍት አሉኝ። አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ ነው፤ ይኸውም የሮም መንግሥት በምዕራብ ከወደቀበት ጊዜ ጀምሮ እስከ 1500 አካባቢ ስላለው ሺሕ ዓመት ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ አስተማሪ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለምን ይሰበስባል ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ባለቤቴም በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር፤ የጠየቀችኝም የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ቀን ስለ ነበረ ጥያቄው የታሪክ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት የውጭ አገር አስተማሪያችን፥ ቁጡ ግን ደግ ሴት ነበሩ፥ የእንግሊዝኛ ንባቤ እንዲሻሻል ብለው አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አዋሱኝ። አይሊን ፓወር የሚባሉ እንግሊዛዊት የታሪክ ሊቅ በ1924 ያሳተሟት፥ የመካከለኛውን ዘመን ሰዎች ኑሮ የምትተርክ መጽሐፍ ናት። እኔ የጠበቅሁት የነገሥታትና የጦርነት ወሬ ነበረ። መጽሐፊቱ ግን ስለ ጭሰኛ መናገር ጀመረች። ሰውዬው ቦዶ ይባላል፤ በሻርለማኝ ዘመን፥ ከሺሕ ሁለት መቶ ዓመት በፊት፥ በፓሪስ አጠገብ በሳን ዠርማን ገዳም መሬት ላይ ይኖር ነበረ። የገዳሙ አበምኔት ኢርሚኖን መሬታቸውንና ገባራቸውን ሁሉ በመዝገብ አስጽፈው ነበርና፥ መዝገቡም እስከ ዛሬ ስለ ተረፈ፥ የቦዶ ሚስትና የሦስቱ ልጆቹ ስም ሳይቀር ይታወቃል። ቦዶ ከሳምንቱ ከፊሉን ቀን ለገዳሙ ያርሳል፤ በየዓመቱም ከሌላው ግብር ጋራ 3 ዶሮና 15 እንቁላል ያገባል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፊቱን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ዝም አልሁ። አያቴ ጭሰኛ ነበሩ። በዓል ሲደርስ የዶሮዋን እግር አስረው፥ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ባለ መሬቱ ቤት እጅ መንሻ ይዘው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደጅ ቆመው ሲጠብቁም አይቻለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ፈረንጅ ማለት ከተፈጠረ ጀምሮ መኪናና መብራት የነበረው ሰው ይመስለኝ ነበረ። ቦዶ ግን ፈረንጅ አልመሰለኝም፤ የአያቴ ጎረቤት መሰለኝ። እንዲህ ያለው ንባብ ለአንድ ልጅ ምን እንደሚያደርግለት ለመናገር እቸገራለሁ። ብቻ ከዚያ ቀን በኋላ የውጭ አገር ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔን ወደ መሬት መስበር ተውሁ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀና ጭሰኝነት ቀረ። ትምህርት ቤታችንም ኋላ ወደ መንግሥት ተዛወረ፤ አስተማሪዬም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሲሄዱ መጽሐፊቱን መልስልኝ አላሉኝም፤ እኔም አላስታወስኋቸውም። ይህ ስርቆት ይሁን ስጦታ እስከ ዛሬ አልወሰንሁም። መጽሐፊቱ አሁንም አለችኝ። በቀይ ሽብር ዓመታት ስለ ነገሥታትና ስለ ገዳማት የሚናገር መጽሐፍ በቤት መገኘቱ ስለሚያስፈራ እናቴ ከጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብራት ነበርና፥ ዛሬም ገጾቿን ስገልጥ አልፎ አልፎ የጤፍ ፍሬ ትጥላለች።

አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ ከደመወዜ እየቆጠብሁ መሰብሰብ ጀመርሁ። ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባለው መንገድ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ልጆች ነበሩ፤ እኔን ገና ከሩቅ ሲያዩ ዋጋ ይጨምራሉ። መርካቶ ደግሞ መጽሐፍ በኪሎ ይሸጥ ነበረ፤ የሚገዛውም ባለ ሱቅ ለበርበሬና ለስኳር መጠቅለያ ነው። የእንግሊዛዊው የስቲቨን ራንሲማን የመስቀል ጦርነት ታሪክ ከ1951 እስከ 1954 በሦስት ቅጽ የታተመ መጽሐፍ ነው፤ እኔ ሁለተኛውን ቅጽ ያገኘሁት ከመጀመሪያው ገጾቹ ብዙዎቹ ተቀድደው ካለቁ በኋላ ነው። በእነዚያ ገጾች ላይ የተጻፈውን ነገር በርበሬ የገዙት ሰዎች ያውቁታል።

መሰብሰብ ግን የራሱ ደዌ አለው። መጽሐፍን ገዝቶ መደርደር አንብቦ ከመጨረስ ይቀላል፤ በመደርደሪያ የቆመ መጽሐፍ ሁሉ የተነበበ ይመስላል፤ እንግዳ ይህን አይቶ ሲያደንቅ ባለቤቱ ዝም ብሎ ምስጋናውን ይቀበላል። እኔም እንዲህ አደርግ ነበረ። ከገዛኋቸው መጻሕፍት አንዱ የኤድዋርድ ጊቦን መጽሐፍ ነው። ጊቦን ከ1776 እስከ 1788 ባሳተማቸው ስድስት ቅጾች የሮምን መንግሥት መድከምና መውደቅ የጻፈ እንግሊዛዊ ነው፤ አጻጻፉን የሚስተካከል ጥቂት ነው ይባላል። ስድስቱን ቅጽ ማን ያነብባል! በመጨረሻው ማውጫ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ፈልጌ ያን ገጽ ብቻ አነበብሁ። በዚያ ገጽ ጊቦን ስለ እኛ ያለው ባጭሩ፥ ኢትዮጵያውያን በሌላ ሃይማኖት ሰዎች ተከብበው ወደ ሺሕ ዓመት ያህል ከዓለም ተለይተው አንቀላፉ የሚል ነው። አባባሉ ስላማረኝ እውነት መሰለኝ። በማስታወሻዬ ጻፍሁት፤ በየዓመቱም አስተማርሁት።

በ1978 ዓ.ም. በአሥራ አንደኛ ክፍል ይህንኑ ሳስተምር ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አነሣ። ዝምተኛ፥ ልብሱ የተጣፈ ልጅ ነበረ።

«ቲቸር፥» አለኝ፤ «አያቴ በወጣትነታቸው ኢየሩሳሌም ሄደው ተሳልመዋል። በዴር ሱልጣን የእኛ መነኮሳት ከጥንት ጀምሮ ነበሩ ይላሉ። ተኝተን ከነበረ እነዚያ መነኮሳት እንዴት እዚያ ደረሱ?»

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበረ። መልስ ግን አልነበረኝም፤ መልስ የሌለው አስተማሪም ብዙ ጊዜ ቁጣን ወይም ቀልድን መልስ ያደርጋል። እኔ ቀልዱን መረጥሁ። «የአያትህን ጨዋታ ለቡና ሰዓት አቆየው፤ እዚህ የምንማረው በሰነድ የተረጋገጠ ታሪክ ነው» አልሁት። ክፍሉ ሣቀ። ልጁ ተቀመጠ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን ሲያነሣ አላየሁም።

ከስምንት ዓመት በኋላ፥ በ1986 ዓ.ም.፥ ከለገሃር መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ የፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትን መጽሐፍ አገኘሁ። ከ1270 እስከ 1527 ስለነበረው ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የሚናገር፥ በ1972 በኦክስፎርድ የታተመ መጽሐፍ ነው። በዚያው በ1972 የፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ መጽሐፍ እስከ 1270 ያለውን ታሪክ ይዞ በአዲስ አበባ ታትሞ ነበርና፥ ሁለቱ ሊቃውንት አንዱ ባቆመበት ሌላው የቀጠለ ይመስላሉ። የታደሰን መጽሐፍ እንደ ልማዴ በማውጫው ጀምሬ ነበረ፤ ነገር ግን «ኢየሩሳሌም» የሚለው ቃል ብዙ ገጽ ስለ ጠራ ከመጀመሪያው ማንበብ ግድ ሆነብኝ። ሌሊቱን አነበብሁ። ጎህ ሲቀድ የዚያ ልጅ የተጣፈ ሸሚዝ በዓይኔ ላይ ነበረ።

ያን ጊዜና ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትን ጥቂቱን ልንገርህ።

በ1165 ገደማ በአውሮፓ አንድ ደብዳቤ መዞር ጀመረ። ካህኑ ዮሐንስ የሚባል፥ በምሥራቅ የሚኖር እጅግ ባለጸጋ ክርስቲያን ንጉሥ ለቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ለማኑኤል የላከው ነው ተባለ። ደብዳቤው የፈጠራ ነበረ፤ አውሮፓውያን ግን አመኑት፤ ያን ንጉሥ መጀመሪያ በእስያ፥ ኋላም በእኛ አገር ፈለጉት። እነርሱ የሌለውን ንጉሥ ሲፈልጉ የእኛ ሰዎች ወደ እነርሱ ይሄዱ ነበረ። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች፥ አንቶኒዮ ባርቶሊ በሚባል የፊሬንሴ ሰው መሪነት፥ ነብሮች ለስጦታ ይዘው ቬኒስ ገቡ። ቬኒስ ነብሩን ለመመልከት እንዴት እንደ ወጣች መገመት አያዳግትም። የቬኒስ መንግሥትም በብር ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠ ጽዋ ሰጣቸው። በ1428 ደግሞ የአራጎን ንጉሥ አልፎንሶ ለዐፄ ይስሐቅ ደብዳቤ ጽፎ፥ ሁለቱ ቤተ መንግሥታት በጋብቻ እንዲተሳሰሩ ጠየቀ፤ 13 የእጅ ባለሙያዎችም ላከ። ባለሙያዎቹ በመንገድ አለቁ፤ አልፎንሶ ይህን ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በጻፈው ደብዳቤ ገልጦታል። እነዚያ አሥራ ሦስት ሰዎች ምን ያህል ቤተሰብ ጥለው እንደ ሄዱ የጻፈ የለም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የ1441 ነገር ነው። በዚያ ዓመት የሮም ጳጳስ ኤውጄንዮስ 4ኛ በፊሬንሴ ጉባኤ ሰብስበው ነበረ። በኢየሩሳሌም የነበሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት አለቃ አባ ኒቆዲሞስ መልእክተኞች ላኩ፤ የሚናገርላቸውም ጴጥሮስ የሚባል ዲያቆን ነበረ። የጉባኤው ሊቃውንት ንጉሣቸውን «ካህኑ ዮሐንስ» እያሉ ደጋግመው ሲጠሩት መነኮሳቱ ግራ ገባቸው። ንጉሣችን ዘርዐ ያዕቆብ ይባላል፤ እንዲህ ያለ ስም በስሞቹ ውስጥ የለም ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። አስተውል፤ በዚያ አዳራሽ የአውሮፓ ታላላቅ ሊቃውንት ተቀምጠው ሳለ፥ ተረቱን ይዞ የቀረው ማን ነበረ፥ እውነቱን የነገረውስ ማን ነበረ? የሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር በ1445 በፊላሬቴ እጅ ሲፈጸም፥ ከግብፅና ከኢትዮጵያ የመጡት መነኮሳት ወደ ሮም ሲገቡ የሚያሳይ ቅርጽ በላዩ ተቀረጸ። በሩ እስከ ዛሬ ቆሟል። እኔ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው ያየሁት።

እንዲሁም ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ በ1450 ገደማ ታላቅ የዓለም ካርታ ሠራ። ስለ አገራችን የሳለውን የተቀበለው ከዚያው አገር ተወላጆች መሆኑን በካርታው ላይ ራሱ ጽፏል። ዓባይና አዋሽ በስማቸው ይገኙበታል። ከላንቻ በደብረ ዘይት መንገድ ወርዶ ከሞጆ ወደ ዝዋይ የሚሄድ መንገደኛ የሚሻገረው ያ አዋሽ፥ ኮሎምቦስ መርከብ ከመሳፈሩ በፊት በቬኒስ ተጽፎ ነበረ ማለት ነው። የተጻፈውም ፈረንጅ መጥቶ ስላገኘው ሳይሆን አንድ የእኛ ሰው ሄዶ ስለ ነገራቸው ነው።

በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሮም፥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነ። በዚያች ከተማ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ጀርመናዊ የእኛ መነኮሳት መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ ሰማ። ደነቀውና ከመካከላቸው አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤልን መምህር አድርጎ ግእዝ ተማረ፤ በ1513ም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል አሳተመ። በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን «የከለዳውያን ነው» ብሎ ተሳስቷል፤ ለተማሪ ስሕተቱ ይታለፍለታል።

ከእርሱ በኋላ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ሆነው በ1548ና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። መካከለኛው ዘመን በዚያ ጊዜ አልፎ ነበረ፤ ግን ይህን ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። በመጽሐፉ መጨረሻ አባቶችንና ወንድሞችን ይቅርታ የሚጠይቅ ቃል ጽፈዋል። አታሚዎቹ ፊደላችንን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ መነኮሳቱም ማተም አይችሉም ነበር፤ አንዱ ዕውር ሌላውን ዕውር እንደሚረዳ እየተረዳዳን ነው የሠራነውና ስሕተቱን ይቅር በሉን የሚል መንፈስ ያለው ቃል ነው። አርባ ዓመት ያህል በቆምሁበት የማስተማሪያ ሰሌዳ ፊት ከዚህ የበለጠ ትሑት ነገር አልተናገርሁም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተጻፈው በማን ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ነው? ከፊሉ በእኛ፥ የሚበዛው በአውሮፓ መዛግብት ነው። አንዳንድ ወጣቶች «የፈረንጅ ታሪክ ምን ያደርግልናል?» ሲሉ እሰማለሁ። ሌሎች ደግሞ የፈረንጅን ታሪክ ያነበበ ሁሉ የሠለጠነ ይመስላቸዋል። ሁለቱም አይገቡኝም። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ታሪክ የእኛም ጓዳ ነው፤ የራሱን ዕቃ ሌላ ቤት አስቀምጦ የረሳ ሰው ያንን ቤት ሳያንኳኳ ዕቃውን አያገኝም።

ያን ሌሊት ካነበብሁ በኋላ ልጁን ፈለግሁት። አንድ የድሮ ተማሪዬ ነገረኝ፤ ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት በላንቻ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆኖ ይሠራ ነበረ። ስንት ጊዜ በአጠገቡ እንዳለፍሁ አላውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የታደሰን መጽሐፍ ይዤ ሄድሁ። ከመኪና ሥር ወጥቶ አወቀኝ፤ እጁ ዘይት ስለ ነበረ ክንዱን ዘረጋልኝ። ቆመን ሳለን ስለ ኢየሩሳሌምና ስለ ፊሬንሴ የተጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁለት። ጨርሼም፥ «ያን ቀን ተሳስቼ ነበር። አያትህ ልክ ነበሩ» አልሁት።

እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

«ጋሼ፥» አለኝ፤ «አያቴ በ1981 ዓ.ም. ዐረፉ። ያን ቀን ማታ የተባልሁትን ነግሬያቸው ነበር። ‹አስተማሪ ከሆነ ያውቃል፤ እኔ አርጅቼ ተሳስቼ ይሆናል› አሉኝ። ከዚያ በኋላ የኢየሩሳሌሙን ነገር አንሥተው አያውቁም።»

አልተቆጣም፤ ሻይ አዘዘልኝ። እኔ ግን ሻዩ አልወርድ አለኝ። ባሕር ተሻግረው ሄደው በዓይናቸው ያዩትን ሽማግሌ፥ ከስድስት ቅጽ አንድ ገጽ ያነበበ ሰው አፋቸውን ዘጋቸው። ከዚያ ወዲህ ስንት ታሪክ ከእርሳቸው ጋራ ተቀበረ? መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላ ቅጂ ይገኝ ይሆናል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበረ፤ ሆኖም ሌላ ስሕተት ተከተለ። ከእንቅልፍ ትምህርቴ ተመልሼ የኩራት አስተማሪ ሆንሁ። በ1306 ሠላሳ የዐፄ ውድም አርዓድ መልእክተኞች አውሮፓ ደርሰው፥ በጄኖቫ ካሪኛኖ የሚባል ቄስና ካርታ ሠሪ አነጋገራቸው የሚል በብዙ መጻሕፍት ተጽፎ አገኘሁ። ደስ አለኝ። «1306» ብዬ በትልቁ በሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ፥ ጡረታ እስከ ወጣሁበት እስከ 2010 ዓ.ም. አስተማርሁት። ጊቦንን ሳልመረምር እንደ ተቀበልሁ ይህንም ሳልመረምር ተቀበልሁ፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ሲያሳፍረኝ ይኸኛው ማስደሰቱ ብቻ ነው።

የመካኒኩ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበረ። መጽሐፍ ልትዋስ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን፥ «ጋሼ፥ የ1306ቱ ነገር አጠራጣሪ ነው ይላሉ» አለችኝ። ካሪኛኖ የጻፈው ራሱ ጠፍቶ፥ ወሬው ለረጅም ጊዜ የታወቀው ፎሬስቲ የሚባል የቤርጋሞ መነኩሴ በ1483 ባሳተመው መጽሐፍ በኩል መሆኑን አስረዳችኝ። ቬሬና ክሬብስ የሚባሉ የታሪክ ሊቅ በ2019 ጉዳዩን እንደገና መርምረው፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ መልእክተኞች ለመሆናቸው ማስረጃው ደካማ እንደ ሆነ ጽፈዋል። ይህን ሁሉ ያገኘችው በስልኳ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ «የስልክ ወሬ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበረ። የ1978 ዓ.ም. ቃል ነው፤ «የአያት ጨዋታ» የሚለው በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ። የአባቷን እጅ ዘይቱን ሲጠርግ ባላስታውስ ኖሮ ይወጣ ነበረ። «ወረቀቱን አምጪልኝ» አልኋት። አትማ አመጣችልኝ፤ ሁለት ቅዳሜ ተቀምጠን አነበብነው፤ እኔ ተከራከርሁ፥ እርሷም ተከራከረች፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ማታ ተሸነፍሁ።

በመደርደሪያዬ የማርክ ብሎክ መጽሐፍ ገዝቼው ሳላነበው ለሃያ ዓመት ቆሞ ነበረ። ብሎክ በመካከለኛው ዘመን ታሪክ የታወቀ ፈረንሳዊ አስተማሪ ሲሆን በ1944 ጀርመኖች በጥይት ገደሉት፤ የታሪክ ጸሐፊ ምስክሩን እንዴት መመርመር እንደሚገባው በጦርነቱ ጊዜ የጀመረው መጽሐፍ ሳይፈጸም ቀርቶ በ1949 ታተመ። ከተሸነፍሁ በኋላ አወረድሁትና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርሁ። ከማስታወሻዬም 1306ን በቀይ ቀለም ሰርዤ 1402 ብዬ ጻፍሁ። የክሬብስን የ2021 መጽሐፍም ልጅቷ አስነበበችኝ፤ ነገሥታቶቻችን ወደ አውሮፓ የላኩት እንደ ቀድሞው ግምት የጦር መሣሪያ ለመለመን ሳይሆን ይልቁን ንዋየ ቅድሳትና የእጅ ባለሙያ ፈልገው፥ ለገዳሞቻቸውና ለክብራቸው እንደ ነበረ የሚያስረዳ ነው። ይህን አስተያየት ወድጄዋለሁ። ስለ ወደድሁትም እንደገና ላነበው አስቤአለሁ።

ከመጻሕፍቴ ለሰፈሩ ልጆች አውሳለሁ፤ በደብተር ስማቸውን ይጽፋሉ፤ በሁለት ሳምንት ይመልሳሉ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ቆይቶ ያየውን የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ሊስቦን ታተመ፤ በ1961 በእንግሊዝኛ የወጣው ሁለት ቅጽ አለኝ። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስለነበረው ኑሮ የሚተርክ፥ እዚህ አገር ብዙ ዓመት ስለ ኖረው ስለ ቬኒሱ ሠዓሊ ስለ ብራንካሌዮንም የሚያነሣ መጽሐፍ ነው። ልጅቷ ሁለተኛውን ቅጽ ከወሰደችው አምስት ወር አልፏል። ባለፈው ሳምንት ወደ ጋራዡ ሄጄ አባቷን ጠየቅሁት።

«እርሷ ጋ አይደለም፥ ጋሼ፤» አለኝ፤ «እኔ ነኝ የያዝሁት። መዝገበ ቃላት ገዝቻለሁ። ገጽ 11 ደርሻለሁ።»